የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ውህደት እንዴት ይመረመራል? ለነጋዴዎችና ለሸማቾች የተዘጋጀ ማብራሪያ

በማንኩሳ፣ በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ ገበያ በቆሎውን የሚሸጥ አርሶ አደር ዛሬ ክፍያውን በሞባይል ስልኩ መቀበል ይችላል። አገልግሎቱን የሚሰጡት ድርጅቶች ከአንድ በላይ እስከሆኑ ድረስ፣ የአንዱ ክፍያ ቢወደድበት ወይም አገልግሎቱ ቢጓደልበት ወደ ሌላው ይዞራል። ድርጅቶቹ ተዋህደው አንድ ቢሆኑ ግን ይህ ምርጫ ይቀርበታል። ውህደት ከመፈጸሙ በፊት እንዲመረመር በሕግ የተደነገገው በዚህ ምክንያት ነው።

ውህደት ምንድን ነው?

በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት፣ ቀድሞ ራሳቸውን ችለው ይሠሩ የነበሩ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የንግድ ድርጅቶች ሲቀላቀሉ፣ ወይም ሀብታቸውን በሙሉ ወይም በከፊል ለአንድ የንግድ ዓላማ ሲያቀናጁ ውህደት ተፈጥሯል ይባላል። የሌላውን ድርጅት አክሲዮን ወይም ንብረት መግዛት፣ እንዲሁም አመራሩን በግዥ ወይም በሌላ መንገድ መቆጣጠርም ውህደት ነው። ስለሆነም የድርጅቱ ስም አለመለወጡ ብቻውን ከምርመራ ነፃ አያደርግም።

መርማሪው አካል ማን ነው?

ሥራው ቀደም ሲል የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣን ኃላፊነት የነበረ ሲሆን፣ በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተዛውሯል። በቴሌኮም ዘርፍ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የውድድር ቁጥጥር ሥልጣን ተሰጥቶታል። ባንኮችንና የክፍያ ሥርዓትን የሚቆጣጠረው ደግሞ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ነው። ኢትዮጵያ የኮሜሳ አባል በመሆኗ፣ ከአንድ በላይ አባል አገሮችን የሚነኩ ውህደቶች መቀመጫውን ሊሎንግዌ ባደረገው የኮሜሳ የውድድር ተቋምም ሊታዩ ይችላሉ።

ምርመራው ምን ምን ይመለከታል?

1. ማሳወቅ፦ ለመዋሃድ ያሰቡ ነጋዴዎች የስምምነታቸውን ዝርዝር አስቀድመው ያቀርባሉ።
2. መመርመር፦ ድርጅቶቹ በአንድ ገበያ የሚፎካከሩ መሆናቸው፣ ከውህደቱ በኋላ የሚኖራቸው ድርሻና አዲስ ተወዳዳሪ ለመግባት የሚገጥመው እንቅፋት ይታያል። ተጨማሪ ማስረጃም ሊጠየቅ ይችላል።
3. አስተያየት መቀበል፦ አስፈላጊ ሲሆን በጋዜጣ ማስታወቂያ ወጥቶ፣ ውህደቱ ሊነካቸው የሚችል ነጋዴዎች ተቃውሟቸውን በጽሑፍ እንዲያቀርቡ ይጋበዛሉ።
4. መወሰን፦ ውህደቱ ይፈቀዳል፣ በቅድመ ሁኔታ ይፈቀዳል ወይም ይከለከላል። በውድድር ላይ ጉዳት ቢኖረውም፣ በሌላ መንገድ የማይገኝና ከጉዳቱ የሚበልጥ የቴክኖሎጂ ወይም የቅልጥፍና ጥቅም የሚያስገኝ ከሆነ ሊፈቀድ ይችላል።

የቴክኖሎጂ ዘርፍ ለምን ልዩ ትኩረት ይሻል?

በዚህ ዘርፍ የአንድ ድርጅት ጉልበት በሽያጩ ብቻ አይለካም። ብዙ ተጠቃሚ ያለው አገልግሎት ሌላውን ተጠቃሚ ይስባል፤ የተከማቸ የደንበኞች መረጃም ለአዲስ ገቢ ተወዳዳሪ ከባድ እንቅፋት ይሆናል። ገቢው አነስተኛ የሆነ ጀማሪ ድርጅት ነገ የትልቁ ተፎካካሪ ሊሆን ስለሚችል፣ ገና ሳያድግ መገዛቱ ለተጠቃሚው ኪሳራ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ከሌሎች አገሮች ተሞክሮ

ኡበር ካሪምን በ3.1 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት ሲስማማ፣ የግብፅ የውድድር ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 ግዥውን የፈቀደው በቅድመ ሁኔታ ነበር። ከቅድመ ሁኔታዎቹ መካከል በታሪፍ ጭማሪ ላይ የተጣለው ገደብና ተወዳዳሪዎች መረጃ እንዲያገኙ የሚያስችለው ግዴታ ይገኙበታል።

አዶቢ ፊግማ የተባለውን የንድፍ ሶፍትዌር ድርጅት በ20 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት የያዘውን ዕቅድ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ትቷል። ምክንያቱም ከአውሮፓ ኅብረትና ከብሪታንያ ተቆጣጣሪዎች ፈቃድ የሚገኝበት ግልጽ መንገድ አለመታየቱ ነበር። ግዥው ስላልተፈጸመ ሁለቱም ድርጅቶች ሥራቸውን ለየብቻ ቀጥለዋል።

ፌስቡክ ግን ጂፊን እ.ኤ.አ. በ2020 ከገዛ በኋላ የብሪታንያ ተቆጣጣሪ እንዲሸጠው አዘዘ። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2023 የተሸጠው በ53 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን፣ ይህም ከተገዛበት ዋጋ እጅግ ያነሰ ነው። ሦስቱ ጉዳዮች የሚያሳዩት ቁም ነገር፣ ከመዋሃድ በፊት መመርመር ከተዋሃዱ በኋላ ከመለያየት ለድርጅቱም ለተጠቃሚውም የሚቀል መሆኑን ነው።

ተገልጋዮች ምን ማድረግ ይችላሉ?

ድርጅትዎን ለመሸጥ ወይም ከሌላ ጋር ለማዋሃድ ካሰቡ፣ ስምምነቱን በሥራ ላይ ከማዋልዎ በፊት ጉዳዩ በሥራ ላይ ባለው መመሪያ መሠረት ማሳወቅ የሚያስፈልገው መሆኑን ሚኒስቴሩን ይጠይቁ። ሳያሳውቁ መዋሃድ በሕግ ያስጠይቃል።

ውህደቱ የሚነካዎ ነጋዴ ከሆኑ፣ ማስታወቂያው በወጣበት ጊዜ ውስጥ ተቃውሞዎን ከነማስረጃው በጽሑፍ ያቅርቡ። ሸማች ከሆኑም በሚያገኙት አገልግሎት ላይ የታየውን የዋጋ ወይም የጥራት ለውጥ በደረሰኝና በመልእክት ቅጂ አስደግፈው ይያዙ፤ የተጨበጠ ማስረጃ ከጥቅል ቅሬታ ይልቅ ለመርማሪው ይጠቅማል። በአካባቢ ገበያ የሚያጋጥሙ የዕለት ተዕለት ቅሬታዎች በወረዳው የንግድ ጽሕፈት ቤት የሚቀርቡ ሲሆን፣ የውህደት ጉዳይ ግን ለፌዴራል ተቋም የሚቀርብ መሆኑን እናሳስባለን።