የማን ጠብመንጃ ነው?

መቼም ያገራችን ሰው የወረሰውን ዕቃ ከሁለት አንዱን ያደርገዋል፤ ወይ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ይረሳዋል፣ ወይ ፈትጎ ፈትጎ ይጨርሰዋል። እኔ ሁለቱንም አድርጌያለሁ። ዕቃው የቅድመ አያቴ ውጅግራ ነው።

ውጅግራ የሚለው ስም «ፉዚ ግራ» የሚለውን ፈረንሳይኛ የኛ ሰው በራሱ አፍ አላምጦ ያወጣው ነው። ግራ የፈረንሳይ ጦር መኮንን ነበር። ከሱ በፊት የነበረው ሻስፖ የተባለው ጠብመንጃ የወረቀት ቀለህ ይጎርስ ነበር፤ ግራ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1874 የናስ ቀለህ እንዲጎርስ አድርጎ አሻሻለው። አንድ ጥይት ይጎርሳል፣ አንድ ይተፋል። ምኒልክ በብዛት አስገቡት፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ካጓሩት ጠብመንጃዎች አንዱም እሱ ነበር። ጥይቱ ራሱ በአንዳንድ ቦታ እንደ ዝርዝር ገንዘብ ያገበያይ ነበር።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ተማሪ ሲያንቀላፋብኝ የማወጣት አንዲት ወሬ ነበረችኝ። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ግጥምን እርግፍ አድርጎ ተወ። ከዚያስ? ከዚያማ በ1879 ዓ.ም. ሁለት ሺህ ያህል ጠብመንጃ በግመል አስጭኖ ከታጁራ ሸዋ ገባ። ቀደም ብሎ ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ የንግዱን ምስጢር ዘርግፎታል። ጠብመንጃዎቹ አርባ ዓመት ያህል ቀድመው ከአገልግሎት የወጡ ናቸው፤ አውሮፓ ውስጥ 7 ወይም 8 ፍራንክ ያወጣሉ፣ ለምኒልክ ግን በ40 ፍራንክ ገደማ ይሸጣሉ። ምኒልክም ቀላል ገበያተኛ አልነበሩም፤ እንጦጦ ላይ ዋጋውን ቆርጠው ቆርጠው ገጣሚውን አንገብግበው ሸኙት። አሮጌን በአዲስ ዋጋ መሸጥ የዛሬ ሙያ አይደለም ለማለት ነው።

ወደ ራሴ ልመለስ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ግድም የቤታችን ውጅግራ ዝጎ ዝጎ ሳየው አሳፈረኝ። ፈቃዱን በኪሴ፣ ጠብመንጃውን በጋቢ ጠቅልዬ ከፒያሳ ጀርባ ወዳለ አንድ ብረት ሠሪ ወሰድኩት።

«ምን ይሁን?» አለኝ።

«እንዲያበራ ነው የምፈልገው ጋሼ። እንደ መስታወት!»

በሦስተኛው ቀን እንደ መስታወት አገኘሁት። ብረቱ በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ተፍቋል፤ ሰደፉ ተልጎ ቫርኒሽ ጠጥቷል። ጊዮርጊስ አደባባይ ላይ ሊስትሮ የወለወለው ጫማ ነበር የሚመስለው። ደስ እያለኝ ለአክስቴ ወሰድኩላት። አክስቴ በሰማንያዎቹ ውስጥ ነበረች፤ ዓይኗ ደክሟል። ጠብመንጃውን ተቀብላ ሰደፉን በአውራ ጣቷ ዳሰሰች። ወደ ላይ ዳሰሰች፣ ወደ ታች ዳሰሰች።

«አንተ» አለችኝ፣ «ይሄ የማን ጠብመንጃ ነው?»

«የቅድመ አያታችን ነዋ እትዬ!»

«አይደለም። የሱ መስቀል ነበረው።»

ቅድመ አያቴ ሰደፉ ላይ በጩቤ መስቀል ቀርጾ ነበር። ብረቱም ላይ የፋብሪካው ስምና «ሞዴል 1874» የሚል ጽሕፈት፣ አፈሙዙ ሥር ደግሞ የተሠራበት ዓመት ተመትቶ ነበር። ሁሉም በሦስት ቀን አፈር ሆኗል። ያዘዝኩት እኔ ነኝ፤ ሰውዬው ያልኩትን ነው የሠራው።

የወግ ነው፣ ትክክለኛውን ዘዴ የተማርኩት ካበላሸሁ በኋላ ነው። ለካ ዝገትን በዘይት አርሶ በትዕግሥት ያነሡታል እንጂ አይሞርዱትም! እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። የድሮ ጠብመንጃ ያ ጠቆር ያለ ሰማያዊ መልኩ በጥንቱ ዘዴ የሚገኘው ከዝገት ነው። ብረቱ አሲድ ቀመስ ፈሳሽ ይቀባና ቀይ ዝገት ያወጣል፤ ዝገቱ በፈላ ውሃ ሲቀቀል ይጠቁራል፤ ይቦረሻል፤ ደግሞ ይቀባል። በልኩ የተያዘ ዝገት ብረቱን ከሚበላው ዝገት ይጠብቀዋል። እንጨቱም ቢሆን ቫርኒሽ አይፈልግም፤ የተልባ ዘይት በጨርቅ፣ ስስ ስስ አድርጎ፣ ደጋግሞ መቀባት ይበቃዋል። ተልባ እኮ ከጓዳችን ጠፍቶ አያውቅም!

ይህን የማወራው ስለ ጠብመንጃ ብቻ አይደለም። የካቲት 2016 ዓ.ም. የአድዋ ድል መታሰቢያ ፒያሳ ላይ ተመረቀ፤ አየሁት፣ ኮራሁ። በዚያው ዓመት በኮሪደር ልማቱ ዙሪያውን የነበሩ አሮጌ ቤቶች ፈረሱ። አንዳንዱ ቤት ዝጎ ነበር፤ ጣሪያው ያፈስ፣ ሰዉም ይሰቃይ ነበር፤ ዝገት ይከበር የሚል ክርክር የለኝም። ግን አንዳንዱ በረንዳ ላይ መስቀል ነበረ። ሞረድ ከማንሳታችን በፊት በአውራ ጣታችን ዳስሰነው ነበር ወይ?

ውጅግራው ዛሬም ያበራል። እንግዳ መጥቶ «የማን ነው?» ሲለኝ እነግረዋለሁ። ቀድሞ ግን ራሱ ይናገር ነበር።