የብርሃን ርዝመትና የመራቢያ ጊዜ፦ የአይጥና የሐምስተር ምርምር ታሪክ

ብርድ በሚበረታባቸው አገሮች የሚኖሩ አይጥ መሰል እንስሳት ቀኑ በሚረዝምባቸው ወራት የሚወልዱት ሙቀትና ምግብ ስለሚበዛላቸው ብቻ ነው የሚለው አስተያየት ለረጅም ጊዜ ብዙም ሳይመረመር የቆየ ሲሆን፣ ይህን እምነት መጀመሪያ ያናጋው ግኝት የመጣው ከትምባሆ ማሳ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1920 ጋርነርና አላርድ የተባሉ የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ተመራማሪዎች አንድ የትምባሆ ዝርያ የሚያብብበትን ጊዜ የሚወስነው የቀኑ ርዝመት መሆኑን አሳዩ፤ በ1932 ደግሞ ቤከርና ራንሰን በኦክስፎርድ የመስክ አይጦች በየቀኑ የሚያገኙት ብርሃን ከ15 ወደ 9 ሰዓት ሲቀነስ መራባታቸው ሊቆም ምንም እንደማይቀረው አረጋገጡ።

የቀኑን ዑደት በተመለከተ ግን ከሁሉ የላቀው ሥራ ኤቨረትና ሶየር በ1950 በዱክ ዩኒቨርሲቲ ያሳተሙት ነው ማለት ይቻላል። ሴት አይጥ በየ4 ወይም በየ5 ቀኑ እንቁላል እንደምትለቅ ቀድሞ ይታወቅ ነበር፤ እነርሱ ያደረጉት እንቁላሏን ልትለቅ በተቃረበችበት ቀን፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ፣ ባርቢቹሬት የተባለ የማደንዘዣ መድኃኒት መስጠት ነበር። አይጧ በዚያ ሌሊት ሳትለቅ ቀረች፤ የለቀቀችውም ልክ አንድ ቀን ዘግይታ ነው፤ መድኃኒቱ በማግሥቱ በዚያው ሰዓት ሲደገምላት ሌላ ቀን ዘገየች፤ ከ10 ሰዓት በኋላ ሲሰጣት ግን ምንም ለውጥ አላመጣም። ከዚህ የሚከተለው ፍሬ ነገር ትልቅ ነው፦ ከእንቁልጢ የሚመነጨው ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን እንቁላሉ መብሰሉን ለአንጎል ያሳውቃል እንጂ ሰዓቱን አይወስንም፤ ሰዓቱን የሚወስነው አንጎል ነው፤ እርሱም ትእዛዙን በአንጎል ሥር ወዳለው ፒቱታሪ ዕጢ የሚልከው በብርሃንና በጨለማ መፈራረቅ በተቃኘ ሰዓት ብቻ ነው። ሰዓት ቆጣሪው በአንጎል ውስጥ የት እንዳለ የታወቀው በ1972 ሁለት የተለያዩ የምርምር ቡድኖች ከዓይን የሚመጡ ነርቮች በሚተላለፉበት ቦታ በላይ ያለችውን፣ ሱፕራኪያዝማቲክ ኒውክሊየስ የምትባለውን ትንሽ የሕዋሳት ክምችት በአይጦች ላይ ሲያጠፉ የቀን ዑደታቸው በመበተኑ ነው።

የዓመቱን ወቅት ምሥጢር የገለጠው ደግሞ በ1930 እስራኤል አሃሮኒ ከሶርያ፣ ከአሌፖ አካባቢ ወደ ኢየሩሳሌም ያመጣው፣ ወርቃማው ሐምስተር የተባለው አይጥ መሰል እንስሳ ነው። በአዲስ አበባ የዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚለያዩት በአንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ስለሆነ የቀኑ ርዝመት መለዋወጥ ለኢትዮጵያ አንባቢ እምብዛም ላይታይ ይችላል፤ በአሌፖ ግን ረጅሙ ቀን ከ14 ሰዓት ሲያልፍ አጭሩ ከ10 ሰዓት ያንሳል። በ1965 ሆፍማንና ራይተር ወንድ ሐምስተሮችን በቀን 1 ሰዓት ብቻ ብርሃን በሚያገኙበት ክፍል ሲያቆዩ የዘር ፍሬያቸው እየሟሸሸ ሄደ፤ በአንጎል መካከል የምትገኘው ትንሿ ፓይኒያል ዕጢ አስቀድማ ከወጣችላቸው ግን ጨለማው ምንም አላደረጋቸውም። ይህች ዕጢ ሜላቶኒን የተባለውን፣ ሌርነር በ1958 ለይቶ ያወጣውን ሆርሞን የምታመነጨው በሌሊት በመሆኑ፣ ሌሊቱ በረዘመ ቁጥር ሆርሞኑ በደም ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ይረዝማል፤ የሐምስተሩ አካልም ወቅቱን የሚያውቀው ከዚህ ርዝመት ነው። ጋስተንና ሜናከር በ1967 እንዳሳዩት ወሰኑ 12 ሰዓት ተኩል ያህል ብርሃን ሲሆን፣ ከዚያ ካነሰ የዘር ፍሬው ሥራውን ያቆማል።

በጉድጓዱ ጨለማ የሚከርም ሐምስተር የቀኑን መርዘም በዓይኑ ሊያይ ስለማይችል፣ አካሉ አምስት ወር ገደማ ከቆየ በኋላ ለአጭር ቀን መታዘዙን ይተዋል፤ የዘር ፍሬውም ምንም ብርሃን ሳያገኝ በራሱ ጊዜ ወደ ቀድሞ መጠኑ ይመለሳል።