ስኩባ ዳይቪንግ፦ ጅቡቲ ጠልቆ ወደ ለቡ የሚመለስ ሰው ምን ማወቅ አለበት?

"ጠላቂ ዋናተኛ" የሚለውን ቃል ብዙዎቻችን የምንሰማው የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ሠራተኞች ከወንዝ ወይም ከኩሬ ሰው ሲያወጡ ነው። በብዙ አገር ግን ጠልቆ መዋኘት ሰዎች አውሮፕላን ተሳፍረው የሚሄዱበት መዝናኛ ነው። ዛሬ ስለ ስኩባ መሠረታዊውን፣ በተለይ ደግሞ የአዲስ አበባን ነዋሪ የሚመለከተውን አንድ ትልቅ ጥንቃቄ እናካፍላችኋለን።

🔹 ስኩባ ምንድን ነው?

አየር በጀርባ ተሸክሞ ውሃ ውስጥ እየተነፈሱ መዋኘት ነው። የዛሬውን መሣሪያ መሠረት የጣሉት ፈረንሳውያኑ ዣክ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን ሲሆኑ፣ ጊዜውም እ.ኤ.አ 1943 ነበር። ብዙ ሰው ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ብቻ ይመስለዋል። አይደለም። ለመዝናኛ በአብዛኛው የሚሞላው ይሄው የምንተነፍሰው አየር ታምቆ ነው፤ 21 በመቶ ገደማው ኦክስጅን፣ 78 በመቶው ናይትሮጅን።

🔹 ለእኛ ቅርቡ የት ነው?

ጅቡቲ ነው። በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ በለቡ በኩል የሚነሳው የኢትዮ-ጅቡቲ ባቡር በ2009 ዓ.ም ተመርቆ በ2010 ዓ.ም መደበኛ ሥራ ጀምሯል። መስመሩ ከሰበታ እስከ ጅቡቲው ናጋድ ጣቢያ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የመንገደኛ ጉዞ ፕሮግራሙን ግን ከመነሳታችሁ በፊት ጠይቁ።

የታጁራ ባሕረ ሰላጤ በዌል ሻርክ ይታወቃል። በዓለም ትልቁ ዓሣ ነው፤ ሰው አይበላም፣ ምግቡ ጥቃቅን የባሕር ፍጥረታት ናቸው። በብዛት የሚታየው ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። ሙሻና ማስካሊ የሚባሉት ደሴቶች ደግሞ የኮራል መጥለቂያ ናቸው።

🔹 ምን ያስፈልጋል?

ዋና መቻል፣ የጤና መጠይቅ መሙላትና ሥልጠና። የመጀመሪያው ደረጃ "ኦፕን ዋተር" ይባላል፤ እስከ 18 ሜትር ያስጠልቃል። አስም፣ የልብ ወይም የሳንባ ችግር ያለበት ሰው መጀመሪያ ሐኪም ያማክር። ውሃ ውስጥ ዋናው ሕግ አንድ ነው፦ ትንፋሽ አትያዙ። ስትወጡም ቀስ በሉ፤ 5 ሜትር ላይ 3 ደቂቃ መቆም የተለመደ ነው።

🔹 ዋናው ጥንቃቄ፦ ከፍታ

10 ሜትር ስትጠልቁ ግፊቱ ውሃው ላይ ካለው እጥፍ ይሆናል። በዚህ ግፊት ናይትሮጅን ወደ ደምና ወደ ሰውነት ይገባል። የአምቦ ውሃን አስቡት፤ ክዳኑ እንደተዘጋ ዝም ይላል፣ በአንዴ ሲከፈት አረፋ ይሆናል። ሰውነታችንም ከግፊት በፍጥነት ከወጣ እንደዚያው ነው። ሕመሙ ዲኮምፕሬሽን ሲክነስ ይባላል፤ ሽባ ሊያደርግ፣ ሊገድልም ይችላል።

ለዚህ ነው ጠላቂዎች ወዲያው አውሮፕላን እንዳይሳፈሩ የሚነገራቸው። "እኔ በባቡር ነው የምመለሰው" ማለት ግን አያድንም። በበረራ ላይ የአውሮፕላን ውስጥ ግፊት ቢበዛ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ አየር ነው። ቦሌ ኤርፖርት ራሱ 2,300 ሜትር በላይ ላይ ነው ያለው። በሌላ አባባል አዲስ አበባ መግባት፣ በባቡርም ይሁን በመኪና፣ ለሰውነታችሁ ከመብረር ብዙም አይለይም። ድሬዳዋ እንኳ 1,200 ሜትር ገደማ ናት።

የተለመደው መመሪያ ይህ ነው፦

👉 አንድ ጊዜ ብቻ ከጠለቃችሁ ቢያንስ 12 ሰዓት
👉 ደጋግማችሁ ወይም ለብዙ ቀን ከጠለቃችሁ ቢያንስ 18 ሰዓት
👉 ስትወጡ የግዴታ ማቆሚያ የሚጠይቅ ጥልቅ ጠለቃ ከነበረ ከ18 ሰዓት በጣም የበለጠ

የእኛ ምክር፦ ሙሉ 24 ሰዓት ባሕሩ ዳር እረፉ። የመጨረሻዋን ቀን ለከተማና ለገበያ አድርጓት።

የቢሾፍቱ ሐይቆችም 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስላሉ፣ እዚያ ለመጥለቅ ለከፍታ የተስተካከለ ስሌት ያስፈልጋል።

🔹 ምልክቱ ከታየስ?

የመገጣጠሚያ ሕመም፣ መደንዘዝ፣ ማዞር፣ ያልተለመደ ድካም ወይም የቆዳ ሽፍታ ከመጣ "ድካም ነው፣ ተኝቼ ይለቀኛል" አትበሉ። ንጹሕ ኦክስጅን ስጡት፣ በፍጥነት ሐኪም ጋር ውሰዱት፣ መጥለቁንም ንገሩ። ዋናው ሕክምና ግፊት ባለው ልዩ ክፍል ውስጥ የሚሰጥ ኦክስጅን ነው። "አገር ቤት ገብቼ እታከማለሁ" ብሎ ወደ ደጋ መውጣት ሕመሙን ያብሰዋል።

ለጅቡቲ ጉዞ የሚዘጋጅ ጓደኛ ካላችሁ፣ የመመለሻ ትኬቱን ከመቁረጡ በፊት ይህን ላኩለት።