በሁለት ዝግጅት መካከል የሚታየው በዓል
ስለ ቴሌቪዥን የበዓል ምልክትና ስለ ሮቢት ተመልካቾች አጭር ጥናት

ቴሌቪዥን በኢትዮጵያ ሥራውን የጀመረው በበዓል ቀን ነው። ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል 34ኛ ዓመት ይከበር ነበር፤ በእንግሊዙ በቶምሰን ኩባንያ ርዳታ የተቋቋመውም ጣቢያ በዚሁ ዕለት ከአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሥርጭቱን ከፈተ። ስለዚህ በዓልና ቴሌቪዥን በአገራችን ከመጀመሪያው አንሥቶ አብረው የኖሩ ናቸው። የዚህ ጽሑፍ ዐላማ ግን በበዓል ቀን ስለሚቀርቡት ረጃጅም ዝግጅቶች መናገር አይደለም። አንዱ ዝግጅት አልቆ ሌላው እስኪጀመር ድረስ በመካከል ስለሚገባው አጭር ነገር፤ ይኸውም ዐደይ አበባ ስለ ተደረበበት የጣቢያ መለያ፣ ስለ «እንኳን አደረሳችሁ» ጽሑፍና አብሮት ስለሚሰማው ዜማ ነው።

ይህ ልማድ የኛ ብቻ አይደለም። የእንግሊዝ ቢ.ቢ.ሲ. እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ገና በደረሰ ቁጥር የዘወትር የሉል ምልክቱን በበዓል ምልክት ይለውጥ ነበር። ተመልካቹም ምልክቱ ሲለወጥ የበዓሉ ሰሞን መግባቱን ያውቃል። እንግዲህ ይህ ትንሽ ሥዕል እንደ ቀን መቍጠሪያ ያገለግላል ማለት ነው። የቀን መቍጠሪያ ከሆነ ደግሞ የማን ቀን ተጽፎበት የማን ቀን እንደ ቀረ መጠየቅ ተገቢ ነው።

የአገራችንን ታሪክ በዚህ ዐይን ብንመለከተው በየዘመኑ ልዩነት እናገኛለን። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የዘውድ በዓልና የሐምሌ 16 የልደት በዓል ዋናዎቹ ነበሩ። ከ1967 ዓ.ም. በኋላ መስከረም 2 የአብዮት ቀን ሲሆን፣ እንቍጣጣሽ በማግሥቱ ለሚመጣው ሰልፍ ዋዜማ መሰለ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ግንቦት 20 ተተካ። ከሁሉም መንግሥት ተርፎ የዘለቀው ዐደይ አበባ ነው፤ ግን እርሱም ቢሆን በመስኮቱ ሙሉ መልኩን ያገኘው ዘግይቶ ነው። ሥርጭቱ በጥቍርና በነጭ ሳለ ዐደይ አበባ ከሌላው አበባ አይለይም ነበር። በቀለም ማሰራጨት የተጀመረው የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በተከበረበትና ኢሠፓ በተመሠረተበት ሰሞን፣ በ1977 ዓ.ም. መግቢያ ነው። የዐደይ አበባን ቢጫነት ለቴሌቪዥን ያመጣው እንግዲህ ለሌላ በዓል የተዘጋጀ መሣሪያ ነበር።

ቀጥሎ ነጋዴው መጣ። የሳተላይት ጣቢያዎች ሲበዙ በዝግጅቶች መካከል ያለው ቦታ የመልካም ምኞት መግለጫ ገበያ ሆነ። ባንኮችና ቢራ ፋብሪካዎች እንኳን አደረሳችሁ ባዮች ሆኑ፤ የቢራዎቹን ድምፅ ያስቀረው የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያ በብሮድካስት እንዳይተላለፍ የከለከለው አዋጅ ቍጥር 1112/2011 ነው።

አሁን ወደ ሮቢት እንምጣ። ሮቢት ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ በማሽላና በጤፍ ሜዳ መካከል የምትገኝ ከተማ ናት። በዚህ አገር የፍልሰታ ጾም ሲፈታ፣ ነሐሴ 16 ቀን፣ ልጃገረዶች አጊጠው ከበሮ ይዘው በየደጁ እየዞሩ ይጫወታሉ። ጨዋታው በራያ ቆቦ ሶለል ይባላል፤ በላስታ አሸንድዬ፣ በዋግ ኽምራ ሻደይ፣ በትግራይ አሸንዳ ነው። ለራያ ልጅ የዓመቱ መለወጥ የሚሰማው ከዐደይ አበባ በፊት በዚህ ከበሮ ነው።

በሮቢት ስለ በዓል ምልክቱ በቡና ላይ የሚሰማው አስተያየት በሦስት ሊጠቃለል ይችላል። የመጀመሪያው ምስጋና ነው፤ ልጆቻቸው በሩቅ አገር የሚኖሩ ወላጆች ያው ሥዕል ለልጆቻቸውም እንደሚታይ ሲያስቡ አንድ ማዕድ የቀረቡ ይመስላቸዋል። ሁለተኛው ወቀሳ ነው፤ በዓሉ ዕቃ መሸጫ ሆነ ይላሉ። ሦስተኛው የስም ጥያቄ ነው፤ ሶለል ሲታይ ከሻደይና ከአሸንድዬ ቀጥሎ በመጨረሻ ይጠራል፤ አንዳንድ ጊዜም ሥዕሉ ብቻ ያልፋል፤ የማን ልጃገረዶች እንደ ሆኑ አይነገርም ይላሉ።

ይህ ሦስተኛው አስተያየት ቅናት መስሎ ሊታይ ይችላል። የቅርቡን ታሪክ ያስታወሰ ግን እንዲህ አይልም። ቆቦ በሐምሌ 2013 ዓ.ም. በትግራይ ኃይሎች እጅ ገባች፤ የዚያ ዓመት የሶለል ሰሞን በዚሁ ሁኔታ አለፈ። ጳጕሜን 4 ቀን በከተማይቱ ሲቪል ነዋሪዎች በትግራይ ኃይሎች መገደላቸውን አምነስቲ ኢንተርናሽናል በኋላ ባወጣው ጥናት ገልጧል። ከሁለት ቀን በኋላ እንቍጣጣሽ ነበር። ለአገሩ ሁሉ እንኳን አደረሳችሁ ሲባል፣ በቆቦና በአካባቢዋ መብራትና ስልክ ተቋርጦ ነበርና ሰላምታው የደረሰው ሰው ጥቂት ነው። በዓመቱም፣ ነሐሴ 18 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ሶለል በገባ በሦስተኛው ቀን ጦርነቱ በዚያው በቆቦ ግንባር እንደገና ተጀመረ፤ ነሐሴ 21 ቀን ከተማይቱ ዳግመኛ ተያዘች። ስለዚህ የሁለት ዓመት የሶለል ሰሞን በጦርነት ታወከ። ከዚህ በኋላ ከበሮው በተመታ ጊዜ ስሙ በትክክል ይጠራ ብሎ መጠየቅ፣ አለን ብሎ መናገር ነው።

ከዚህ በላይ ከተጻፈው ሁሉ የምንደርስበት ፍርድ ይህ ነው። በዝግጅቶች መካከል የሚገባው የበዓል ምልክት በውበቱ ብቻ ሊመዘን አይገባውም፤ አገሪቱ የማንን ቀን የራሷ አድርጋ እንደ ቈጠረች የሚያሳይ የታሪክ ሰነድ ነውና። ሰነድ ከሆነም እንደ ሰነድ ይያዝ። ጣቢያዎች ዜናቸውን እንደሚያስቀምጡ ሁሉ እነዚህን አጫጭር ምልክቶች ከነቀናቸው ቢያስቀምጡ፣ የነገ ተማሪ ዘመኑን ያነብባቸዋል። ሶለልንም በየዓመቱ በቀኑ፣ በቦታውና በስሙ ቢያወጡት ወጪው የአንድ መስመር ጽሑፍ ነው፤ በሮቢት ለተቀመጠው ተመልካች ግን ሰላምታው ለእርሱም መላኩን ያረጋግጥለታል።