ከጉኑኖ ጓሮ የወጣ ጭማቂ፤ የሎሚና የዝንጅብል መንገድ

በጉኑኖ የበጋ ቀትር ነበር። ከእንሰቱ ጥላ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠናል። የቤቱ እመቤት አንድ ሳፋ ሎሚ አቀረቡ። እጄን አጣጥፌ መቀመጥ አላስችል ብሎኝ ቢላዋ አነሣሁና አንዱን ልቆርጥ ስል፣ «ቆይ ልጄ፣ መጀመሪያ እሸው እንጂ!» አሉኝ። ሎሚውን ከእጄ ተቀብለው መክተፊያው ላይ አስቀመጡትና በመዳፋቸው ጫን እያሉ ወዲያና ወዲህ አንከባለሉት። ድንጋይ ይመስል የነበረው ሎሚ ለሰለሰ፣ ሽታው ገና ሳይቆረጥ አካባቢውን ሞላው። ከዚያ አግድም ለሁለት ከፈሉትና በአንድ ጭምቀት ጭማቂውን አንቆረቆሩት። እኔም እንደሳቸው ጨመቅሁ። አንዲት ጠብታ እንዳትቀር ብዬ ልጣጩን ደግሜ ስጠመዝዘው ግን፣ «ይበቃል ልጄ፣ ከዚህ በላይ ከጨመቅኸው ይመራል» ብለው ከለከሉኝ።

እውነታቸውን ነው። የሎሚ ልጣጭ፣ ነጩ ሽፋንና ዘሩ መራራ ነገር ይዘዋል። ከልክ በላይ የተጨመቀ ወይም ከነልጣጩ ውሃ ውስጥ ያደረ ሎሚ የሚመረው ለዚህ ነው። እኚህ እናት ይህን ከመጽሐፍ አላገኙትም። ከእናታቸው እጅ አይተው ነው የያዙት።

ጉኑኖ ከወላይታ ሶዶ በስተሰሜን ምዕራብ የምትገኝ፣ የዳሞት ሶሬ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሯ ወይና ደጋ፣ ዝናቧም በበልግና በክረምት ነው። በዓለም የአፈር ተመራማሪዎች ዘንድ ስሟ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 የግብርና ሚኒስቴርና የስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ የጀመሩት የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክት በተለያዩ የአገሪቱ ክፍሎች ጣቢያዎች ሲያቋቁም፣ የወሎው ማይባር፣ የጎጃሙ አንጀኒና የሸዋው አንዲት ጥድ ካሉበት ዝርዝር ውስጥ ጉኑኖም ነበረች። ስንት አፈር በዝናብ እንደሚታጠብ እዚያ ለዓመታት ተለክቷል። እኔ ግን የሄድኩት ስለ አፈሩ ሳይሆን አፈሩ ስለሚያበቅለው ነገር ለመጠየቅ ነው።

የወላይታ ገበሬ ግቢ ሥርዓት አለው። ከቤቱ ፊት ለፊት አረንጓዴ ሜዳ ይተዋል። ከቤቱ ጎንና ጀርባ እንሰት፣ ቡና፣ ሙዝ፣ ጎመንና የፍራፍሬ ዛፍ ይቆማል። ፍግና አመድ የሚደፋበት ይህ ለቤት የቀረበው ለም መሬት ዳርኳ ይባላል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የእህል ማሳ ደግሞ ሾቃ ነው። ሎሚ የዳርኳ ዛፍ ነው። የእቃ እጣቢ ይደርሰዋል፣ የእመቤቲቱ ዓይን አይለየውም፣ ሲፈለግም ልጅ ተልኮ ይቀነጥባል።

ለመሆኑ ይህ ሎሚ ማን ነው? እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የዘረመል ጥናት የዘር ሐረጉን ለይቶታል። እኛ ሎሚ የምንለው ትንሹና ቀጭን ልጣጭ ያለው ፍሬ በእናቱ በኩል ሚክራንታ ከሚባል የፊሊፒንስ አካባቢ ጎምዛዛ ፍሬ፣ በአባቱ በኩል ደግሞ ከትርንጎ የተወለደ ነው። ቢጫውና ትልቁ የፈረንጅ ሎሚም ከትርንጎና ከኮምጣጣ ብርቱካን የተገኘ ነው። በየገዳሙ ቅጥር እንደ ተራ ዛፍ ቆሞ የምናየው፣ ልጣጩ ወፍራም ውስጡ ደረቅ የሆነው ትርንጎ የሁለቱም አባት መሆኑን ሳነብ በጣም ነው የተደነቅሁት።

ስሙም የመጣበትን መንገድ ይናገራል። ሎሚ የሚለው ቃል ከፋርስና ከዐረብ «ሊሙ» እና «ሊሙን» ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ብርቱካን ደግሞ በዐረብኛው «ቡርቱቃል» በኩል ከፖርቱጋል ስም የወጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1520 ምጽዋ ከወረደው የፖርቱጋል መልእክተኛ ቡድን ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በደብረ ቢዘን ገዳም አካባቢ ብርቱካን፣ ሎሚና ትርንጎ ማየቱን ጽፏል። በጣና ሐይቅ ዘጌም አንድ ትውፊት አለ። አቡነ በትረ ማርያም ለአካባቢው ያወረሱት ሦስት ተክል ነው ይባላል፤ ቡና፣ ጌሾና ሎሚ። መነኮሳቱ እስከ ዛሬ ድረስ ይህን ሲተርኩ ይሰማሉ።

ከዚያ ወዲህ ሎሚ ያልገባበት የኑሮ ጓዳ የለም። ዶሮ የሚታጠበው በሎሚ ነው። ጉንፋን የያዘው ሰው ትኩስ ውሃ ላይ ሎሚ በማር ይጠጣል። በረጅም መንገድ አውቶቡስ ውስጥ የሚያቅለሸልሸው ተሳፋሪ አንድ ሎሚ አፍንጫው ሥር ይዞ ይጓዛል። በጥምቀት ጎረምሳው የወደዳት ልጅ ላይ ሎሚ ይወረውራል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለውን ተረት ያልሰማ አማርኛ ተናጋሪም አይገኝም።

መጠጥ መሆኑን በተመለከተ ቀደምቱ ማስረጃ ያለው በግብፅ ነው። በመካከለኛው ዘመን ካይሮ የነበሩ አይሁድ ነጋዴዎች በስኳር የጣፈጠ የሎሚ ጭማቂ በጠርሙስ እየሞሉ ይሸጡ ነበር፤ «ቀጣርሚዛት» ይሉታል። የሰላሐዲን ሐኪም የነበረው ኢብን ጁመይዕ በ12ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ሎሚና ስለ ጥቅሙ ራሱን የቻለ ድርሳን ጽፏል። በፓሪስ እ.ኤ.አ. በ1676 የሎሚ መጠጥ ሻጮች በማኅበር ተደራጁ። ስኮትላንዳዊው የባሕር ኃይል ሐኪም ጄምስ ሊንድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1747 ድዳቸው የሚደማ 12 መርከበኞችን በስድስት ጥንድ ከፍሎ የተለያየ ነገር ሲሰጣቸው፣ ቶሎ የዳኑት ብርቱካንና ሎሚ የበሉት ሁለቱ ሆኑ። ያዳናቸው ዛሬ ቫይታሚን ሲ የምንለው ነው።

ካይሮ ስኳር ነበራት። እኛ የነበረን ማር ነው። የአገራችን አልኮል የሌለው ጥንታዊ ጣፋጭ መጠጥ ማር በውሃ የተበረዘበት ብርዝ ነው። በፋብሪካ የተመረተ ስኳር በአገር ውስጥ የተገኘው የሆላንዱ ኤች ቪ ኤ ኩባንያ በ1946 ዓ.ም. ወንጂን ከከፈተ በኋላ ነው። ስለዚህ የሎሚ ጭማቂን በስኳር ማጣፈጥ በብዙ የገጠር ቤት ከአያቶቻችን ዕድሜ አይዘልም።

በወላይታ ደግሞ ጥም የሚቆርጠው ቦርዴ ነበር፤ ዛሬም ነው። ከበቆሎ፣ ከስንዴ፣ ከገብስ ወይም ከዳጉሳ ይዘጋጃል። ወፍራምና ድፍርስ ነው፤ የሚጠጣው ገና እየፈላ ሳለ ሲሆን በጥቂት ቀን ውስጥ ይኮመጥጣል። ደቦ የወጣ ሰው አንድ ቅል ቦርዴ ከጠጣ ምሳ እንደበላ ይቆጠራል። ለወላድ የሚዘጋጀው ሻሜታም የዚሁ ወገን ነው።

ነገሩን የለወጠው ሃይማኖት ነው። በ1920 ዓ.ም. በዶክተር ቶማስ ላምቢ የሚመሩ የሱዳን የውስጥ አገር ሚሲዮን ሰዎች ሶዶ ደረሱ። ጣሊያን በ1929 ዓ.ም. ሲያስወጣቸው በወላይታ የቀሩት አማኞች 48 ነበሩ ይባላል፤ ከወረራው በኋላ ሲመለሱ ግን የጠበቃቸው በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ነበር። ይህ ሕዝብ የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ምእመን ሲሆን አስካሪ መጠጥን ከቤቱ አወጣ። ሠርግ ግን አልቀረም፣ እንግዳም አልቀረም። በእኔ እምነት በወላይታ ቤቶች የማር ውሃ፣ የፍራፍሬ ጭማቂና የለስላሳ ሣጥን ይህን ያህል ቦታ ያገኙት በዚህ ምክንያት ነው። አምቦ ውሃ እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ ይታሸጋል፤ ኮካ ኮላም እ.ኤ.አ. በ1959 አገር ውስጥ መሞላት ጀመረ። ዛሬ በሠርግ ድንኳን ውስጥ ከሁሉ በፊት የሚታየው የጠርሙስ ሣጥን ነው። ከድንኳኑ ጀርባ ያለው የሎሚ ዛፍ ፍሬ ደግሞ መሬት ላይ ረግፎ ይበሰብሳል። ይህን ባየሁ ቁጥር እቆጫለሁ።

ወደ ጉኑኖው ግቢ ልመለስ። እመቤቲቱ ለአንድ ሊትር ፈልቶ ለቀዘቀዘ ውሃ ስድስት ሎሚ ጨመቁ፤ አንድ የቡና ስኒ ተኩል ያህል ጭማቂ ወጣው። ከዚያ የአውራ ጣት ቁመት ያህል እርጥብ ዝንጅብል ልጠው በሙቀጫ ወቀጡ። የተወቀጠውን በግማሽ ብርጭቆ የፈላ ውሃ ዘፍዝፈው ከደኑት። ውሃው ለብ ሲል ሦስት የሾርባ ማንኪያ ማር ጨምረው አማሰሉ። ማርም ሆነ ስኳር በቀዝቃዛ ውሃ ቶሎ አይሟሟም፤ በሙቅ ውሃ አቅልጦ ማዋሃድ ይሻላል። አንድ የበሰለ ማንጎ በእጃቸው አፍርጠው ሥጋውን ከፍሬው ለዩ። ሁሉንም በማጥለያ አጥልለው በፕላስቲክ ጆግ ቀላቀሉት። በጣት ጫፍ የተያዘች ጨው ጣል አደረጉበት፤ ጨው ከሌለበት ጣፋጩ ጎልቶ አይወጣም ይላሉ። የአሉሚኒየም ድስት አጠገባቸው ነበር፤ አልነኩትም። ሎሚ አሉሚኒየምን ይበላል፣ ጣዕሙም ይበላሻል። ስንጨርስ ደግሞ እጄን በሳሙና እንድታጠብ አዘዙኝ። የሎሚ ጭማቂ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ሊቃጠልና ሊጠቁር ስለሚችል ይህ ምክር በየቤቱ ሊነገር ይገባል።

ቀመስኩት። መጀመሪያ ማንጎው፣ ከዚያ ሎሚው ይመጣል። ከተዋጠ በኋላ ጉሮሮ ላይ ዝንጅብሉ ይቆያል። የታሸገ ለስላሳ በ300 ሚሊ ሊትር ውስጥ 30 ግራም ገደማ ስኳር ይዟል። የእመቤቲቱ ጆግ ግን አራት ሰው ጠጥቶበት ሦስት ማንኪያ ማር ብቻ ነው የገባበት።

ዝንጅብሉን የጠቀስኩት በምክንያት ነው። ወላይታና አጎራባቾቹ ከምባታና ጠምባሮ የኢትዮጵያ የዝንጅብል አገር ናቸው። የወላይታ ዳጣ ያለ ዝንጅብል አይሆንም። የወላይታው ቦሎሶ ቦምቤ ወረዳ ገበሬ ልጁን ያስተማረውና ቤቱን በቆርቆሮ የከደነው በዝንጅብል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ገደማ ግን የባክቴሪያ አጠውልግ በሽታ ገባ። ቅጠሉ ይጠቀለላል፣ ቢጫ ይሆናል፣ ግንዱ ሲነካ ከሥሩ ይነቀላል፣ ከመሬት በታች ያለውም ይበሰብሳል። ባክቴሪያው በተለከፈ ዘርና በውሃ ይዛመታል፤ አፈር ውስጥም ለዓመታት ይቆያል። ብዙ ማሳ ባዶ ቀረ፤ ብዙ ገበሬ ከዝንጅብል እጁን አወጣ። እዚያ ቤት የተወቀጠችው አውራ ጣት የምታክል ዝንጅብል በገንዘብ የተገዛች ነበረች፤ ድሮ ግን ከጓሮ ተቆፍራ ነበር የምትመጣው።

ብርቱካኑም ጤና የለውም። እ.ኤ.አ. በ1952 በአንጎላና በሞዛምቢክ የተለየው የቅጠልና የፍሬ ነጠብጣብ በሽታ በደቡብና በምዕራብ ኢትዮጵያ ብርቱካንና መንደሪንን ክፉኛ ጎድቷል። ፍሬው በጥቋቁር ክቦች ይሸፈናል፣ ሳይበስል ይረግፋል። በዚህ በሽታ ከዘመዶቹ ሁሉ ያነሰ የሚጠቃው ትንሹ ሎሚ ነው። ለአንድ ጠባብ ግቢ ምን ፍራፍሬ ልትከል ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው መልሴ ለዚህ ነው ሎሚ የሚሆነው።

ስንለያይ እመቤቲቱ ማጥለያውን አራገፉ። በላዩ የቀሩትን ዘሮች ግን አልደፉትም፤ አጥበው በአሮጌ ጣሳ ውስጥ ካለው አፈር ቀበሯቸው። ትንሹ ሎሚ ከአንድ ዘር ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ቡቃያ ያወጣል፤ አብዛኞቹም እናት ዛፋቸውን ይመስላሉ። ስለዚህ ጥሩ ፍሬ የሰጠ ዛፍ ዘሩ ይታመናል። አንድ ነገር ብቻ ይፈልጋል፤ ከደረቀ ስለማይበቅል ከጭማቂው በወጣበት ዕለት ይቀበር። አንባቢዬ፣ በዚህ ሳምንት ሎሚ ከጨመቁ አምስት ዘር ያትርፉና በዚያው ዕለት አፈር ያልብሱልኝ።