በሰከንድ ስንት ጊዜ?

ሊኑክስ ከጫናችሁ ከርነሉን የምታገኙት ተሠርቶ ያለቀ ነው። እንደ ተዘጋጀ ልብስ በሉት፤ ልኩን የወሰነላችሁ ሌላ ሰው ነው። ከውሳኔዎቹ አንዷ ኤችዜድ የምትባል ቁጥር ናት፤ ታዲያ ይቺ ትንሽ ቁጥር ስንቱን አጨቃጭቃለች መሰላችሁ!

ኤችዜድ የምትወስነው ሰዓት ቆጣሪው ፕሮሰሰሩን በሰከንድ ስንቴ እንደሚቀሰቅሰው ነው። በተለመዱት የኢንቴል ማሽኖች ላይ ለዓመታት 100 ነበረች። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2003 የወጣው 2.6 ከርነል ወደ 1000 አሳደጋት። ፕሮግራሞች ቶሎ ቶሎ ተራ ስለሚያገኙ ድምፅና ቪዲዮ እንዳይቆራረጡ ይረዳል።

እዚህ ላይ የምወዳት ወሬ አለች። በ32 ቢት ማሽን ላይ የቅስቀሳዎቹ ቆጣሪ በ100 ሲሄድ 497 ቀን ላይ ይሞላና ከዜሮ ይጀምራል። በድሮው ከርነል ከዓመት በላይ ሳይጠፋ የሠራ ሰርቨር ዛሬ የተነሳ ይመስል ነበር። በ1000 ሲሆን ግን ቆጣሪው የሚሞላው 50 ቀን ሳይደርስ ነው። ገንቢዎቹ ምን አደረጉ? ቆጣሪው ኮምፒውተሩ በተነሳ በ5 ደቂቃው እንዲሞላ አድርገው አስጀመሩት። ስህተት ካለ እነሱው ፊት ይፈንዳ ብለው ነዋ!

1000 የራሷ ዕዳ ነበራት። ላፕቶፕ ሥራ ፈትቶ እንኳ በሰከንድ 1000 ጊዜ ይቀሰቀሳል፤ ባትሪው ያልቃል። በ2005 ባለ ባትሪዎቹና ባለ ሙዚቃዎቹ ተከራከሩ፤ ሊኑስ ቶርቫልድስም በዚያው ዓመት ኦገስት በወጣው 2.6.13 ላይ 250ን መነሻ አደረጋት። 100ና 1000 በምርጫነት ቀሩ፤ ምርጫው ግን ከርነሉን ራሱ ለሚገነባ ሰው ነው። ዝግጁውን ለሚወስደው ብዙኃን ማን ጠየቀው?

በ2007 የወጣው 2.6.21 ሥራ የፈታ ፕሮሰሰር ሳይቀሰቀስ እንዲተኛ መንገድ ከፈተ። የባትሪው ክርክር ከዚያ በኋላ ብዙ ጉልበት አልነበረውም። 250 ግን ከቦታዋ አልተነቃነቀችም፤ እኔን የሚገርመኝ ይኼ ነው። የኡቡንቱ ገንቢዎች 250ን ትተው ወደ 1000 እንደሚሄዱ ያሳወቁት በ2024 ነው። ምክንያቷ ከደከመ ከ17 ዓመት በኋላ!

የእናንተን ማወቅ ካማራችሁ በኡቡንቱና በዴቢያን ላይ ቡት የሚለውን ማህደር ክፈቱ። ስሙ በኮንፊግ የሚጀምር ፋይል አለ፤ ኤችዜድን እዚያ ውስጥ ፈልጓት።