ወፏን ማየት ብቻ አይበቃም፦ ከአንኮበር እስከ ጓሳ

መንዝ ውስጥ ከብት ጠብቃችሁ ካደጋችሁ፣ ወይም ለበዓል ቀየት ወይ መሀል ሜዳ አያቶቻችሁ ጋ የምትሄዱ ከሆነ፣ የዛሬዋን ባለታሪክ ሳታውቋት አይታችኋት ይሆናል። ትንሽ ቡናማ ወፍ ናት፤ ደረቷ ላይ ጠቆር ያሉ ጭረቶች አሉባት። ከመሰሎቿ ጋር ገደል አፋፍ ላይ ዘር ስትለቅም ትቆይና ሰው ሲቀርብ ሁሉም ብርር ብለው ወደ ገደሉ ይወርዳሉ። «ወፍ ናት እንግዲህ» ብላችሁ ብታልፏት አልፈርድባችሁም። ሳይንስም ራሱ መቶ ዓመት ሙሉ አልፏታል።

እንዴት? ነገሩ እንዲህ ነው። በ1876 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የጣሊያን ጂኦግራፊ ማኅበር የላከው የጉዞ ቡድን ሸዋ ገባ። መሪው ማርኬዝ ኦራዚዮ አንቲኖሪ ነበር። ያኔ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ ከአንኮበር አጠገብ ሌት ማረፊያ የሚባል ቦታ ሰጡት። እሱም እዚያ የምርምር ጣቢያ አቋቁሞ በ1882 እዚያው ሞተ። ልብ በሉ፣ አንቲኖሪ እንዲሁ አገር ሊያይ የመጣ ሰው አልነበረም፤ ወፍ መሰብሰብና ማጥናት የዕድሜ ልክ ሥራው ነበር። ከሸዋ የተሰበሰቡትን ወፎች ቶማሶ ሳልቫዶሪ የተባለ ጣሊያናዊ ሊቅ መርምሮ በ1884 ዝርዝራቸውን አሳተመ። የእኛን ወፍ ግን «አዲስ ዝርያ ናት» ያለ ሰው አልነበረም።

ከዚያ 1976 መጣ፤ ልክ በመቶ ዓመቱ። ጆን አሽ የሚባል እንግሊዛዊ የወፍ ተመራማሪ አንኮበር አጠገብ ገደሉ ላይ አያት። እሱ ግን አይቶ ብቻ አልሄደም። መረመራት፣ ከሚመስሏት ወፎች ጋር አነጻጸራት፣ ጻፈ። በ1979 አዲስ ዝርያ መሆኗ በሳይንስ መጽሔት ታወጀ። ስሟም ከቦታዋ ተወሰደ፦ የአንኮበር ሴሪን።

ታዲያ አንቲኖሪ ለምን አመለጠችው? እኔ የተማርኩት ኢንጂነሪንግ ነው፤ እኛ ጋ እንዲህ ያለው ጥያቄ በቁጥር ይጀመራል። አንድ ገደል ላይ ወፏ አለች እንበል። አንድ ቀን ጠዋት ሄዳችሁ የማየት ዕድላችሁ 30 በመቶ ይሁን (ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል ነው)። ያለማየት ዕድላችሁ 70 በመቶ ነው ማለት ነው። አምስት ጠዋት ብትሄዱስ? 0.7ን አምስት ጊዜ እርስ በርሱ አባዙት፤ 0.17 ገደማ ይመጣል። ስድስት ሰዎች እያንዳንዳቸው አምስት አምስት ጊዜ ቢሄዱ፣ ከስድስቱ አንዱ ወፏን ሳያያት ይቀራል እንደማለት ነው። ወፏ ግን አለች! በዚያ ላይ ገደሉ አስቸጋሪ ሲሆን፣ ደጋው ላይም እሷን የሚመስሉ ቡናማ ወፎች ሲኖሩ፣ ዕድሉ የበለጠ ይወርዳል። ስለዚህ «አላየሁም» እና «የለም» ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ማየት ብቻም አይበቃም ብያለሁ። ሁለት ታሪክ ልጨምር። ዩጄኒዮ ሩስፖሊ የተባለ ጣሊያናዊ ልዑል በ1890ዎቹ መጀመሪያ ደቡብ ኢትዮጵያን ሲያስስ አንድ የሚያምር ወፍ ሰበሰበ። በ1893 ግን ዝሆን ገደለው። ወፉ ከነላባው ጣሊያን ደረሰ፤ ያው ሳልቫዶሪ በ1896 አዲስ ዝርያ ብሎ በሩስፖሊ ስም ሰየመው። ችግሩ ምን መሰላችሁ? ወፉ የት እንደተገኘ፣ መቼ እንደተገኘ የሚናገር ማስታወሻ አልነበረም። የሩስፖሊ ቱራኮ እንደገና በተመራማሪዎች እጅ የገባው በ1940ዎቹ ነው። ሙሉ ወፍ በእጅ እያለ ግማሽ ምዕተ ዓመት አለፈ።

ሁለተኛው የዚህ ተቃራኒ ነው። በ1990 ነጭ ሣር ፓርክ ውስጥ አጥኚዎች መንገድ ላይ ሞቶ የተደፈጠጠ ወፍ አገኙ። ናይትጃር ከሚባሉት፣ ማታ ማታ ነፍሳት እያደኑ ከሚበሩት ወገን ነው (የሌሊት ወፍ ሌላ ነው፣ እንዳትቀላቅሉት)። ለምርመራ የሚሆነው አንድ ክንፉ ብቻ ነበር። ክንፉ ግን ቦታው ይታወቃል፣ ጊዜው ይታወቃል። በ1995 በዚያ አንድ ክንፍ አዲስ ዝርያ ተሰየመ፤ የላቲን ስሙም «አንድ ክንፍ» ማለት ነው። ከሰያሚዎቹ አንዱ ማን ይመስላችኋል? ጆን አሽ። አያችሁ? ማስታወሻ ያለው አንድ ክንፍ፣ ማስታወሻ ከሌለው ሙሉ ወፍ የበለጠ ተናገረ።

አሁን ወደ መንዝ እንመለስ። የአንኮበር ሴሪን ከታወቀች በኋላ ለዓመታት «ያለችው አንኮበር አካባቢ በምትገኝ ጠባብ የገደል መስመር ላይ ብቻ ነው» ይባል ነበር። ኋላ ግን በቀጥታ መስመር ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በሚገኘው ሰሜን ተራሮች ተገኘች። እዚሁ መንዝ፣ ጓሳ ላይም ተመዘገበች። ወፏ ከአንኮበር ተነሥታ የሄደች አይመስለኝም፤ የተጓዘው የሰው ዓይን ነው። የድሮው ካርታ ወፏ የት እንዳለች ሳይሆን ተመልካች የት እንደደረሰ የሚያሳይ ነበር ማለት ነው። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። የትኛው ቦታ ይጠበቅ የሚለው የሚወሰነው ካርታ ታይቶ ነው። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር በ1996 ለወፎች ወሳኝ ናቸው ያላቸውን 69 ቦታዎች ሲያሳትም፣ መነሻው ሰዎች አይተው የጻፉት ነበር። ያልተጻፈ ገደል ዝርዝር ውስጥ አይገባም።

የጓሳ ጉዳይ ደግሞ አንድ ነገር ያስተምረናል። የመንዝ ሰው ጓሳን «ቄሮ» በሚባል ሥርዓት ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሲጠብቅ ኖሯል። ሣሩ ለተወሰኑ ዓመታት ይከለከላል፣ ከዚያ በጋራ ውሳኔ ይከፈትና ሁሉም ለቤት ክዳንና ለገመድ ያጭዳል። ሥርዓቱ በ1975ቱ የመሬት አዋጅ ቢፈርስም ማኅበረሰቡ በኋላ ጥበቃውን በአዲስ መልክ መልሶታል። ዛሬ ቀይ ቀበሮውም፣ ጭላዳውም፣ ይህች ወፍም እዚያ አሉ። አካባቢውን ማወቅና መጠበቅ ከእናንተ አያቶች የመጣ ነው። የጎደለው ያንን እውቀት በወረቀት ማስፈር ብቻ ነበር።

እናንተስ ምን ታደርጋላችሁ? ደብተርና እርሳስ በቂ ነው። ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉ። ቦታውን በቀበሌና በጎጥ ስም፣ ስልክ ካላችሁ በጂፒኤስ መዝግቡ። ስንት እንደነበሩና ምን ሲያደርጉ እንደነበር ጻፉ። መጀመሪያ ያያችሁትን፣ ማለትም መጠኑን፣ ምንቃሩን፣ ጭረቱን፣ ድምፁን፣ ከዚያ በኋላ የመሰላችሁን ስም። ሁለቱን አትቀላቅሉ። እርግጠኛ ካልሆናችሁ «እርግጠኛ አይደለሁም» በሉ፤ ይሄ ነውር አይደለም፣ መረጃ ነው። ከ2002 ጀምሮ የሚሠራው ኢበርድ ላይ ብታስገቡት ደግሞ ያልተለመደ ሪፖርት ሲመጣ የሚያጣራ ባለሙያ አለ፤ «ፎቶ አለህ? ከምን ለየሽው?» ብሎ ይጠይቃል። ቅር እንዳይላችሁ፤ አሽም ወፏን ሲያገኝ ለተመሳሳይ ጥያቄ መልስ ማዘጋጀት ነበረበት።

ሄዳችሁ ምንም ካላያችሁስ? እሱንም ጻፉ። «ከ1 እስከ 3 ሰዓት ጠዋት፣ ገደሉ አፋፍ፣ ሴሪን አላየሁም» የሚል መስመር፣ ከእናንተ በኋላ ለሚመጣው ሰው አንደኛው 0.7 ነው። አምስተኛው ጠዋት ላይ ማን እንደሚያያት አይታወቅም።